የጓሮው በር ቁልፍ

ሸርጣኖቹን የመደበቁ ሐሳብ የማዳም ፔሮን ነበር። ከሎሪያን የዓሣ ገበያ ሦስት ወፋፍራም ሸርጣኖች ገዝታ፣ መስኮቷ ላይ ለፀሐይ አስጥታ፣ ሽታቸው ድመት የሚያባርር ደረጃ ላይ ሲደርስ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ጎረቤቷ ቤት ይዛቸው መጣች። አንዱን ከመታጠቢያ ገንዳው ሥር፣ አንዱን ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ሦስተኛውን ከደረጃው በታች ካለችው ጨለማ ቦታ ወሸቀችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው በሰባ አራት ዓመቷ፣ ያንን የታመመ ዳሌዋን ይዛ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ነው።

“የሬንና የፓሪስ ሰው ግድግዳው መሰንጠቁን ላያይ ይችላል፣ ልጄ” አለች እየተነሳች። “አፍንጫው ግን አይጣል ነው። በይ አሁን ገዢዎቹ ይምጡ።”

ጎረቤቷ ስዋዚክ ኬርማሬክ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እውነቱን ለመናገር እናቷ በሕይወት ሳለችም እንደዚያ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የእናትየው ነበር። ከሎሪያን ወጣ ብሎ፣ የጥድ ጎዳና መጨረሻ ላይ፣ ከእሱ ወዲያ ባሕር እንጂ ሌላ ቤት የሌለበት፣ ነጭ ግድግዳ ያለው ቤት ነው። ሰፈሩ ከመጠን በላይ ጸጥተኛ ነው፤ ውሻ እንኳ አስፈቅዶ የሚጮኽበት ሰፈር። ስዋዚክ የፖስታ ቤት ሥራዋን ትታ እናቷን ልታስታምም ወደዚያ ቤት ስትመለስ ጸጉሯ ገና ጥቁር ነበር። እናቲቱ ለመሞት አልቸኮለችም። ወገቧን ባመማት ቀን “ቤቱ ያንቺ ነው፣ ማን አለኝ?” ትላታለች። በተሻላት ቀን ደግሞ “ለታንጊ ነው የማወርሰው፤ እሱ ቢያንስ ሰው ሆኗል” ትላለች። ሕጉ ግን ሁለቱንም ወሬ አልሰማም። እናት ስትሞት ቤቱ ለሁለት ልጆች እኩል ሆነ።

ታንጊ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ናንት ከተማ የሚኖር የጥርስ ሐኪም። በዓመት አንዴ ለገና ቸኮሌት ይዞ ይመጣል፣ የእናቱን ግንባር ይስማል፣ ስዋዚክን “ደከመሽ አይደል?” ይላታል፣ መልሷን ሳይሰማ መኪናውን ያስነሳል። በቀብሩ ቀን የቀረበለት ሾርባ እንኳ ሳይቀዘቅዝ “ይሸጥ” አለ።

“እኔስ የት ልግባ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ቤት ሞልቷል።”

“ድርሻህን ቀስ እያልኩ ልክፈልህ፣ ታንጊ።”

“እኔ ጥርስ ነቃይ ነኝ እንጂ ባንክ አይደለሁም። የማውቀው ነቅሎ መጣል ነው” አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም ቤቱ በጨረታ እንዲሸጥና ገንዘቡን እንዲካፈሉ ወሰነ። ስዋዚክ ያደገችበትን፣ የእናቷን ገላ ያጠበችበትን፣ ጸጉሯ የሸበተበትን ቤት እንደማንኛውም ባዕድ ተጫርታ መግዛት ነበረባት። ባንኩ ተለምኖ ተለምኖ አንድ የብድር ልክ ሰጣት። ከዚያ ልክ ዋጋው ትንሽ እንኳ ቢያልፍ ቤቱ የሌላ ነው። ያንን ልክ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ በማዳም ፔሮን ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ የማዳም ፔሮንን ኬክ እየበላች።

“ለማንም እንዳትናገሪ” አለች ማዳም ፔሮን።

“ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?”

እንግዲህ ማዳም ፔሮን ይህን ያህል ደፋ ቀና የምትለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከነኬርማሬክ ጓሮ ጫፍ አንዲት ትንሽ የእንጨት በር አለች፤ ከፍተው ሲወጡ እግር ወዲያው ባሕሩ ዳር ካለው ቀጭን መንገድ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ መዋኘት ነው። የማዳም ፔሮን ግቢ የሚያልቀው ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ወደ ባሕሩ መውጫ የለውም። ከባሏ ጋር በየማለዳው በአጥሩ ክፍተት ሹልክ ብለው፣ የነኬርማሬክን ጓሮ አቋርጠው፣ በዚያች በር ወጥተው ይዋኙ ነበር፤ በጋም ሆነ ክረምት። ባሏ ከሞተ በኋላም ብቻዋን ቀጠለች። ያለዚያች በር ወደ ባሕሩ ለመድረስ በትልቁ መንገድ ወጥቶ፣ የእረፍተኞችን የድንኳን ሰፈር ዞሮ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት መውረድ ነው። ይህ ደግሞ ለእሷ ዳሌ የማይታሰብ ነው።

የስዋዚክ እናት ያንን መፍቀዷ ሰፈሩን ሲያስገርም የኖረ ነገር ነው። ሴትየዋ የፊት ለፊቱ በር ላይ የናስ የመርከብ ደወል ሰቅላ ነበር። ሳይደውል የሚገባ የለም፤ ልጆቿ እንኳ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደውለው፣ እግራቸውን ገጥመው ቆመው፣ እስኪከፈትላቸው ይጠብቁ ነበር። የረሳ ከተገኘ “ደወል የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም” ትልና በሩን ዘግታበት ዝናብ ላይ ታቆመዋለች። ለማዳም ፔሮን ለምን እንደፈቀደች ስዋዚክ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ ማዳም ፔሮን በየካቲት ብርድ ከባሕር ወጥታ ስትንቀጠቀጥ ማየት ትወድ ነበር።

ቤቱ ለገዢዎች የሚታይበት ቀን ደረሰ። ዝናብ ያካፋል፤ ማዳም ፔሮን በዝናብ አበባ ታጠጣለች። ከሬን ከተማ የመጡ ባልና ሚስት ከመኪናቸው ሲወርዱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

“ቤቱን ልትገዙ ነው? ጎበዞች! ከእናንተ በፊት የመጡት ደረጃው ጋ እንኳ አልደረሱም።”

“ምን አለው?” አለ ሰውዬው።

“ምንም! ማዕበል ሲነሳ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ይኸው ነው። ቦቲ ጫማ አላችሁ አይደል? ልጆችስ?”

“ሁለት አሉን” አለች ሚስቱ።

“አይዟችሁ፣ አይጦቹ ልጅ አይነኩም።”

ሴትየዋ ውስጥ ገብታ ሳሎኑ ላይ ስትደርስ መሀረቧን አወጣች። “ይሄ ሽታ ምንድን ነው?”

“የቱ ሽታ?” አለች ስዋዚክ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ብዙዎቹ እንደገቡ ወጡ። የሬኑ ሰውዬ ግን ለስዋዚክ መጥፎ ዕድል ጉንፋን ይዞት ነበርና ምንም አልሸተተውም። በየክፍሉ እየዞረ “ብርሃኑ ግሩም ነው፣ እይታው ግሩም ነው” ይላል፤ ሚስቱ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። ስዋዚክ ከክፍል ክፍል እየተከተለች አየችው። የምትፈራው ሰው አሁን መልክ አገኘ፤ ቀይ አፍንጫ ያለው መልክ።

የጨረታው አዳራሽ ጠባብና የሰም ሽታ ያለው ነው። ጨረታውን የሚመራው ውል አዋዋይ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀጫጭን ክሮች የተሰኩበት መቆሚያ አስቀምጧል። ሥርዓቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የመጨረሻው ዋጋ ሲጠራ አንደኛው ክር ይለኮሳል፤ ነድዶ እስኪጠፋ ማንም ካልጨመረ ሁለተኛው ይለኮሳል፤ እሱም ከጠፋ ተሸጠ። ክሩ እየነደደ ማንም እጁን ቢያነሳ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስዋዚክ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ማዳም ፔሮን ጎኗ ሆና ግራ እጇን ጨብጣ ያዘች። ታንጊ ከኋላ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

እሷ ትላለች፣ የሬኑ ሰውዬ ይጨምራል። እሷ ትላለች፣ ይጨምራል። ዋጋው እየተንፏቀቀ ከልኳ አፋፍ ላይ ደረሰ። እጇን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳች፤ ከዚህ በኋላ የላትም። ክሩ ተለኮሰ። ሰውዬው ክሩን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን መሀረብ አወጣችና አፍንጫዋ ላይ ደፈነችው። የሰውዬው እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ። አንደኛው ክር ጠፋ። ሁለተኛው ተለኮሰ፣ ተጣመመ፣ ቀላ፣ ጠፋ። ጭሱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ስዋዚክ የያዘችው ትንፋሽ አብሮ ወጣ።

“ተሸጠ” አለ ውል አዋዋዩ።

ማዳም ፔሮን አቅፋት አለቀሰች። ታንጊ መጥቶ አጠገባቸው ቆመና “በነጻ ወሰድሽው” አለ፤ ጥርሱን ነክሶ። በሕይወቷ ከሰማችው ሁሉ የጣማት ቃል ይህ ነው። ውል አዋዋዩ በር ላይ ሲሸኛት ጣቱን አንስቶ “ማዳም፣ አስር ቀን ይታገሱ። በአስር ቀን ውስጥ ማንም ሰው ከዋጋው ላይ አንድ አስረኛ ጨምሮ ጨረታውን እንደገና ሊያስከፍተው ይችላል። ሕጉ ነው። ጠርሙስ አይክፈቱ” አላት።

“ኧረ ማን ይጨምራል ብለው ነው?” አለች እየሳቀች። የሬኑን ሰውዬ ሚስት አይታለች፤ ታንጊን ደግሞ ታውቀዋለች፣ ገንዘብ ሊወስድ እንጂ ሊሰጥ የሚመጣ ሰው አይደለም። በማግስቱ ጠርሙስ ገዛች። ጠርሙስ ብቻም አይደለም፤ ከዕቃ መደብሩ ወፍራም የጓጉንቸር ቁልፍ ገዛች።

ለምን ገዛችው? እንጃ። ብትጠየቅ ራሷም ደህና መልስ አልነበራትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው በር ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሰው ናት። አሁን የራሷ በር አላት። የራሷ ስለሆነ ዘጋችው። ከዚህ የጠለቀ ነገር የለውም።

እሑድ ሰፈሩን ጠራች። ማዳም ፔሮን ከሁሉ ቀድማ ማለዳ መጥታ፣ እንደገና በጉልበቷ እየዳኸች ሸርጣኖቹን አወጣች፣ ወለሉን በኮምጣጤ አጠበች፣ መስኮቶቹን ከፈተች። ከሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ የፖም መጠጥና የቅቤ ኬክ ቀረበ፤ ጎረቤቱ ሁሉ “እንኳን ደስ ያለሽ” እያለ ብርጭቆ ያነሳል። ባሕሩ ሞልቶ ነበር። ማዳም ፔሮን ከኬኩ በፊት ልዋኝ ብላ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓሮው በር ሄደች፤ ቆመች።

“ስዋዚክ! እዚህ በር ላይ አንድ ጉድ ተንጠልጥሏል!”

“ቁልፍ ነው፣ ማዳም ፔሮን።”

“እሱንማ ዓይን አለኝ። መክፈቻው የታለ?”

“እኔ ጋ ነው።”

“ወዲህ በያት እንጂ፣ ባሕሩ ሳይሸሽ” አለች እጇን ዘርግታ፣ እየሳቀች።

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። መክፈቻው ስዋዚክ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጣቶቿ ዳበሰችው። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲለምናት የመጀመሪያዋ ነው። እስከዛሬ ሰዎች እሷን ያዝዟት ነበር እንጂ ለምነዋት አያውቁም።

“ከዛሬ ጀምሮ መግቢያው በፊት ለፊት ነው” አለች። “ደወል የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም።”

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቀ፤ የሟቿን ድምፅ ቁርጥ አድርጋ ስለመሰለች። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ማዳም ፔሮን አልሳቀችም። የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

“ደውዬስ?”

“ካለሁ እከፍታለሁ።”

“ዳሌዬን ታውቂያለሽ፣ ልጄ” አለች ማዳም ፔሮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ስዋዚክ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ መለሰች። “በዚህ ዕድሜ ዳሌውን የማያመው ማን አለ? አውቶቡስ አለ እኮ!”

እንዲህ ማለት አልነበረባትም። ይህንንም ያኔውኑ አውቃዋለች። ደግሞም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማዳም ፔሮን ፎጣዋን አራት አድርጋ አጠፈች፣ ብብቷ ሥር ያዘችው፣ ኬክ ሳትቀምስ በአጥሩ ክፍተት ወደ ቤቷ ገባች።

ስዋዚክ ልቧ ክፉ አልነበረም ብሎ የሚከራከርላት ሰው ቢገኝ እንዲህ ይል ይሆናል፤ መክፈቻውን ሁለት አስቀርጻ ነበር። ትንሽ ታኩርፍ፣ ከዚያ ይዤላት እሄዳለሁ ብላ አስባለች። ግን ዛሬ ነገ አለች። በየማለዳው በመስኮቱ ታያታለች፤ ማዳም ፔሮን ምርኩዟን ይዛ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ትልቁ መንገድ ትወጣለች። ቆይታ ትመለሳለች፤ ጸጉሯ ደረቅ ነው። ድንኳን ሰፈሩ ጋ እንኳ አልደረሰችም ማለት ነው። ስዋዚክ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቡናዋን ይዛ ታያታለች። ሁለተኛው መክፈቻ ቁልፍ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀምጧል።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ግማሽ ቀን ሲቀረው ወጥ ቤቱን ቢጫ ቀለም እየቀባች ነበር፤ እናቷ የምትጠላውን ቢጫ። ስልኩ ጮኸ። ውል አዋዋዩ ነው።

“ማዳም ኬርማሬክ፣ አዝናለሁ። አንድ አስረኛ ተጨምሯል። ጨረታው እንደገና ይከፈታል።”

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ማን እንደጨመረ ለመስማት እንኳ አልቆየችም፤ ደሟ ፈልቶ ወደ ናንት ደወለች።

“አንተ ከሃዲ! አንተ የእናትህን ሬሳ የምትሸጥ!”

“ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ” አለ ታንጊ። ከበስተኋላው የጥርስ መቦርቦሪያው ይጮኻል።

“አንተ ነህ የጨመርከው!”

“እኔ? ያንን የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ቤት? አብደሻል?” መቦርቦሪያው ቆመ። “ውል አዋዋዩ አልነገረሽም እንዴ? ጎረቤትሽ ናት። ማን ነበር ስሟ… ያቺ ባሕር ውስጥ የምትንቦጫረቀው አሮጊት።” ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ከልቡ የሆነ፣ የማያቋርጥ ሳቅ። “ምን አድርገሻት ነው ግን? ምንም ይሁን፣ አበባ ልኬላታለሁ በያት። ድርሻዬን ከፍ አደረገችልኝ!”

ስዋዚክ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ያለውን ቁልፍ አፈፍ አድርጋ፣ እጇ ቢጫ እንደሆነ፣ በአጥሩ ክፍተት ሮጠች። ማዳም ፔሮን ወጥ ቤት ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ክርኑ የተጣፈውን ያንኑ ሹራብ ነው የለበሰችው። ሰፈሩ ያንን ሹራብ እያየ ድሃ ናት ብሎ ሲያዝንላት ኖሯል፤ ስዋዚክም ጭምር።

“እውነት ነው?” አለች ስዋዚክ።

“ይቀመጡ፣ ማዳም ኬርማሬክ።”

ልጄ ስትላት የኖረች ሴት ናት። ይህ “ይቀመጡ” ከጥፊ ይብሳል፤ ስዋዚክ ቆማ ቀረች።

“ገንዘቡን ከየት አመጡት?”

“ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ መርከቦችን እየመራ ወደብ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነበር፣ ጥሩ ይከፈለው ነበር። የምናጠፋበት ጊዜ አልነበረንም፤ ስንዋኝ ነበር።”

“ቤት አለዎት! ሌላ ቤት ምን ያደርግልዎታል?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ይኸው!” ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ አተሩ መሀል ጣለችው። “ይውሰዱት! ሁለት አስቀርጬ ነበር እኮ፣ አንዱ የእርስዎ ነው፤ በእግዚአብሔር ይዤልዎት ልመጣ ነበር! ውል አዋዋዩ ጋ ደውለው ተውኩት ይበሉ!”

ማዳም ፔሮን ቁልፉን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ እንደ ነቀዘ አተር ከልጣጩ ጋር ጣለችው። “አያስፈልገኝም። በሩን ገዝቼዋለሁ። ቤቱ ከበሩ ጋር አብሮ መጣ እንጂ እኔ አልፈለግኩትም።”

“ጨረታው እንደገና ይከፈታል! እጫረታለሁ!”

“በምን?” አለች ማዳም ፔሮን። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ቀይ ነበር። “የት ድረስ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የነገሩኝ።”

ስዋዚክ ያንኑ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እኔስ የት ልግባ?” አለች። በቀብሩ ቀን ለታንጊ የተናገረችው ቃል ነው፤ ድምፅዋ እንኳ ያው ነበር።

“እኔ ምን አውቃለሁ?” አለች ማዳም ፔሮን አተሯን እየፈለፈለች። “አውቶቡስ አለ እኮ።”

ባንኩ ሁለተኛ ልመና አልሰማም። በሁለተኛው ጨረታ ቀን ስዋዚክ ግን ሄደች። ለምን ሄደች? ሰው ከራሱ ቀብር ላለመቅረት እንደሚሄደው ነው የሄደችው። የሬኑ ሰውዬ አልመጣም። ማዳም ፔሮን በሌላው ረድፍ፣ ያንን ሹራብ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ታንጊ ከስዋዚክ ኋላ ተቀመጠና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

“እጅሽን አንሺ እንጂ” ይላታል። “አንዴ ብቻ። ምን ይጎዳሻል? አንሺ!”

የሌላትን ገንዘብ ብትጠራ ያላትንም እንደምታጣ ያውቃል፤ ዋጋው ከፍ ካለለት ግን ሌላው አይገደውም። አንደኛው ክር ተለኮሰ። ስዋዚክ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨምቃ ያዘች። ክሩ ጠፋ። ሁለተኛው ሲለኮስ እጇ ራሱን ችሎ ሊነሳ ሲታገላት ተሰማት፤ ጥርሷን ነክሳ ጉልበቷ ላይ ጫነችው። ከዚህ በኋላ ሌላ አስር ቀን የለም፣ ሌላ አስረኛ የለም፤ ሕጉ ሁለት ጊዜ አይምርም። እሳቷ ቀላች፣ ተጣመመች። ማዳም ፔሮን ክሩን አታይም ነበር። የምታየው ወለሉን ነው።

“ተሸጠ” አለ ውል አዋዋዩ፣ በዚያው ድምፅ።

ስዋዚክ መሀል ሎሪያን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየች። መስኮቷ የሚያየው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ነው። ከቤቱ ሽያጭ የደረሳት ድርሻ ባንክ ተቀምጧል፤ ሌላ ቤት ለመግዛት አይበቃም፣ እንዳትረሳው ግን ይበቃል። ክረምቱን እንደምንም አለፈች። በጋው ሲገባ አንድ ማለዳ በአውቶቡስ ወጥታ፣ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዛ፣ እግሯ ወደለመደው ቦታ መጣች።

ቤቱ ተዘግቷል። መስኮቶቹ ሁሉ በእንጨት መዝጊያ ተከድነዋል፤ የሚኖርበት የለም። በአንዱ መዝጊያ ስንጥቅ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ይታያል፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አሮጌው ቀለም፣ ቅቡ ብሩሹ በወደቀበት ቦታ ላይ የቆመ። የእናቷ ሰማያዊ አበባ ግን ጓሮውን ሞልቶ አብቧል። ትንሿ በር ወለል ብላ ተከፍታለች። የጓጉንቸሩ ቁልፍ የለም።

ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች፤ አልደፈረችም። ማዳም ፔሮን ያኔ ከታች ከባሕሩ ወጥታ፣ ፎጣዋን ተከናንባ፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየያዘች መጣች። ተገናኙ። ማዳም ፔሮን ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ ላይ የደስታ ምልክት አልነበረም።

“ከእናቴ አበባ አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ ብዬ ነው” አለች ስዋዚክ። “በማሰሮ ልተክላት። አንዲት ብቻ።”

ማዳም ፔሮን አልፋት ገባች። በሩን ይዛ ዞር አለች።

“ደወል የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም፣ ማዳም ኬርማሬክ።”

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ተሰማ።

ስዋዚክ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሄደች። ወደ አውቶቡሱ አይደለም፤ ዳገቱን ወጣች፣ የድንኳን ሰፈሩን ዞረች፣ በትልቁ መንገድ ተመልሳ የጥድ ጎዳናን እስከ መጨረሻው ወረደች። መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ቀን በእግሯ ለካችው። የፊት ለፊቱ በር ላይ ስትደርስ ላብ በላብ ሆናለች። የናሱ ደወል እዚያው ነው። ገመዱን ሳበች። ድምፁ በባዶው ሳሎን፣ በደረጃው፣ በእናቷ መኝታ ቤት ሲዞር ትሰማዋለች። ከአጥሩ ወዲያ ማዳም ፔሮን ፎጣዋን ገመድ ላይ ታሰጣለች፤ ደወሉን ሰምታለች፣ ዞር ብላ ግን አላየችም።

ስዋዚክ እንደገና ደወለች። ከዚያ በልጅነቷ እንደተማረችው እግሮቿን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እስኪከፈትላት ትጠብቅ ጀመር።